ፍልሰታን በስሎቬኒያ፦ ከቦሂኝ ተራሮች እስከ ፒራን ባሕር

እናቴ ክረምቱን ከእኛ ጋር ልታሳልፍ ከአዲስ አበባ ሙኒክ ስትመጣ፣ እኔና እህቴ ወዴት እንውሰዳት በሚለው ተከራከርን። እህቴ ቬኒስ አለች። ነሐሴ ላይ ቬኒስ የሄደ ሰው አይቶ የሚመለሰው የሰው ጀርባ ብቻ ነው ብዬ ስሎቬኒያን አመጣሁ። ከሙኒክ በመኪና ቢበዛ አምስት ሰዓት ነው። የሼንገን አገር ስለሆነች ለእናቴ ሌላ ቪዛ አያስፈልግም። ስፋቷ ከ20 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም፣ ሕዝቧም 2 ሚሊዮን ትንሽ ቢበልጥ ነው። በዚያች መሬት ላይ ግን የአልፕስ ተራራ፣ ከምድር በታች የሚፈስ ወንዝ፣ የወይን ኮረብታና 47 ኪሎ ሜትር የባሕር ዳርቻ ተጎራብተው ይገኛሉ።

እረፍታችን የወደቀው ፍልሰታ ላይ ነው። እማዬ ደግሞ በፍልሰታ ቀልድ አታውቅም። ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አትቀምስም፤ ቅዳሜና እሁድ ሰዓቱ ይቀራል እንጂ ጥሉላት ያው የለም። የምንሄድበት አገር በቋሊማና በአይብ የታወቀ ነው። ስለዚህ የመኪናው ኋላ እንጀራ፣ በረዶ የሆነ ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ቆሎና አንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ ተጫነበት። እህቴ «ስደት ነው ሽርሽር?» ብላ ጠይቃ መልስ አላገኘችም።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ፤ ከሙኒክ ወደ ቦሂኝ

ኦስትሪያን ለማቋረጥ ቪኜት የሚባል የአውራ ጎዳና ክፍያ ያስፈልጋል፤ ስሎቬኒያ ውስጥም እንዲሁ። የስሎቬኒያው የሚለጠፍ ወረቀት አይደለም፤ የታርጋ ቁጥር በኢንተርኔት ሞልቶ ለሳምንት 16 ዩሮ መክፈል ብቻ ነው። ሳይከፍሉ ለተገኙ ቅጣቱ ከ300 ዩሮ ይጀምራል፤ ከቤት ሳትወጡ ጨርሱት።

ሁለቱን አገሮች የሚያገናኘው የካራቫንከን ዋሻ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በነሐሴ ግማሽ አውሮፓ ወደ ክሮኤሺያ ባሕር የሚወርደው በዚያ ነው። ከዋሻው ብዙ ሳንርቅ ቆምን። ሞተር አጥፍተን፣ በር ከፍተን፣ ከመኪና ወርደን ቆምን። የመኪናዬ ቴርሞሜትር 34 ይላል። ሰዎች ኳስ መጫወት ጀመሩ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እማዬ በመንገዱ መከላከያ ብረት ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ጸሎቷን አድርሳ፣ «በሉ አቅርቡ» አለች። ከዋሻ አፍ ላይ፣ በጭነት መኪኖች መሐል፣ እንጀራና ምስር በላን። ከፊታችን በካራቫን የሚጓዙ የሆላንድ ልጆች ቆመው ሲያዩን እማዬ እፍኝ እፍኝ ቆሎ አደለቻቸው። ትንሹ ልጅ አንድ አንዱን ፍሬ እየለየ ሲበላ ትልቋ ኪሷ ከተተችው። እንዲያ ሆነን ሁለት ሰዓት አለፈ።

ከዋሻው ማዶ አየሩም መብራቱም ሌላ ነው። በስተቀኝ ትሪግላቭ ይታያል፤ 2,864 ሜትር፣ የአገሪቱ ባንዲራ ላይ የተሳለው ተራራ። ነዳጅ ስሎቬኒያ ገብታችሁ ቅዱ። እኛ ከሙኒክ በሊትር 20 ሳንቲም ያህል ቀንሶ አገኘነው።

ያረፍነው ከቦሂኝ ሐይቅ አጠገብ ባለች መንደር፣ ከአንዲት ጡረተኛ መምህርት ቤት ፎቅ ላይ ነው። ለሦስታችን በሌሊት 95 ዩሮ። ማቀዝቀዣውን ከፍተን እንጀራውን ስንደረድር ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆመው አዩ። ጥቅል ጥቅሉን በጣታቸው ነካ አድርገው በጀርመንኛ «ፎጣ ነው?» አሉ። እማዬ ቆርሳ አጎረሰቻቸው። ጎረሱ፤ ኮምጣጣነቱ ፊታቸውን ትንሽ ቢያጨማድደውም ሌላ ቁራሽ እጃቸውን ዘርግተው ወሰዱ።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ፤ ብሌድና ቦሂኝ

እኛ ገና ጾም ላይ ነን፤ እነሱ ግን የእመቤታችንን ዕርገት በኦገስት 15 ያከብራሉ፣ በሕግ የተዘጋ በዓል ነው። ስለዚህ ሱቅ የሚባል ነገር ዝግ። በስሎቬኒያ እሁድም እንዲሁ ነው፤ ከ2020 ወዲህ ሱፐርማርኬቶች በእሁድና በበዓል እንዳይከፍቱ ተደንግጓል። ያልገዛችሁትን የምታገኙት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ነው፣ ዋጋውም የማደያ ዋጋ ነው።

ብሌድን ፎቶ ላይ ያላየ የለም፦ አረንጓዴ ሐይቅ፣ መሐሉ ላይ ደሴት፣ ደሴቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ በገደል ጫፍ ላይ ቤተ መንግሥት። እማዬን ያስደነቃት ግን ቤተ ክርስቲያኑ በማን ስም እንደተሠራ ስትሰማ ነው። የማርያም ዕርገት ነው። በዓሉም ዛሬ ነው። ይህን እኔም ያወቅሁት ጀልባው ላይ ነው፤ እማዬ ግን እኔ አስቤ ያመጣኋት መስሏት መረቀችኝ። ምርቃቱን ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ወደ ደሴቱ የሚወስደው ፕሌትና የሚባል ከላዩ ሸራ ያለው የእንጨት ጀልባ ነው። ሞተር በሐይቁ ላይ ክልክል ስለሆነ ቀዛፊው ከኋላ ቆሞ በሁለት መቅዘፊያ ይነዳዋል። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የጥቂት ቤተሰቦች ነው። ለአንድ ሰው ደርሶ መልስ ወደ 20 ዩሮ ይጠጋል። እኛ የተሳፈርንበት ቀዛፊ ክብደቱን ለማመጣጠን ሰውን ሁሉ እንደ ሚዛን ድንጋይ ወዲያና ወዲህ ሲያስቀምጥ እማዬን መሐል ላይ አደረጋት።

ከጀልባው ሲወርዱ 99 ደረጃ ይጠብቃል። ሙሽራ ሚስቱን ተሸክሞ መውጣት አለበት ይላሉ። እማዬ ውሃ ሳትቀምስ፣ በየአሥሩ ደረጃ ቆማ «እመብርሃን» እያለች ወጣች። ከላይ ቲኬት መቁረጫ ሲጠብቃት ግን ቆጣ አለች።

«ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ይከፈላል?»

«ላሊበላም ይከፈላል እኮ እማዬ» አለች እህቴ።

«እሱ ለፈረንጅ ነው።»

«እዚህ ፈረንጆቹ እኛ ነን።»

ገባን። ከጣሪያው የተንጠለጠለ ረጅም ገመድ አለ፤ ደወሉ በ1534 የተሠራ ነው ይባላል፣ ጎትቶ ያስጮኸ ሰው የለመነው ይሆንለታል። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ወጣቶች እየተሳሳቁ ይጎትታሉ። እማዬ ተራዋ ሲደርስ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ገመዱን ተሳልማ፣ አንዴ ብቻ ሳበች። ከኋላዋ የነበሩት ዝም አሉ። ምን እንደለመነች አልነገረችንም። ወደ ጀልባው ስንወርድ ግን ልጅ ሳለች ከጣና ዳር ቆማ ደሴቶቹን ታይ እንደነበር፣ ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባበት ሁልጊዜ ከሩቅ እንደምትሳለም አወራችን። «እዚህስ አስገቡኝ» አለች።

ከሐይቁ ዳር የዩጎስላቪያው መሪ የቲቶ የበጋ መኖሪያ የነበረው ቪላ አለ፣ አሁን ሆቴል ነው። ቲቶ ስትባል እማዬ አላመነታችም፦ «የጃንሆይ ወዳጅ!» ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት የቀረጹት የዩጎስላቪያ ሰዎች መሆናቸውን ግን አታውቅም ነበር። ባለሙያዎቹ ክሮኤሺያውያን እንጂ ስሎቬኒያውያን አይደሉም ብዬ ለማስተካከል ብሞክርም «ያው አንድ አገር ነበሩ» ብላ ዘጋችው።

የብሌድ ክሬም ኬክ በ1953 አንድ ሆቴል ውስጥ የተፈለሰፈ ነው፤ ከላይና ከታች ስስ ቂጣ፣ መሐሉ የእንቁላል ክሬም፣ ርዝመቱ የእጅ መዳፍ ያህል። እህቴ አዘዘች። እማዬ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ቁጭ አለች። እህቴም ግማሹን ትታ ተነሳች፤ ጥፋቱ የኬኩ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቦሂኝ ተመለስን። ለእኔ ሐይቅ ማለት ይሄኛው ነው። ከብሌድ ይበልጣል፣ ሰው ያንሳል፣ ቡቲክ የለም፤ ተራራው ከውሃው ቀጥ ብሎ ይነሳል። ዋኘሁ፤ ውሃው ነሐሴም ሆኖ አጥንት ይነካል። ማታ አከራያችን ጓሮ ወሰዱን። እንደ ቁም ሣጥን የተደረደሩ፣ ፊታቸው ቀይ ሰማያዊ ቢጫ የተቀባ የንብ ቀፎዎች ያሉበት የእንጨት ቤት አላቸው። በየቀፎው ግንባር ሥዕል አለ፦ ቅዱሳን፣ አዳኝ፣ ሚስቱን የሚሸሽ ሰካራም። ንቧ ቤቷን በቀለሙ ትለያለች አሉን። ግንቦት 12 በየዓመቱ የዓለም የንብ ቀን ሆኖ የሚውለው በስሎቬኒያ ጥያቄ እንደሆነ፣ ቀኑም የታዋቂው ንብ አርቢያቸው የአንቶን ያንሻ ልደት እንደሆነ ሲነግሩን ጡረታ የወጡ መምህርት ሳይሆን ክፍል ውስጥ የቆሙ ይመስሉ ነበር። እማዬ ደግሞ በበኩሏ ስለ ዛፍ ላይ ቀፎ፣ በጭስ ስለመቁረጥ፣ ስለ ጠጅ አስረዳቻቸው። እህቴ መሐል ሆና ስታስተረጉም ላብ አሰመጣት። አንድ ኪሎ ማር በ14 ዩሮ ገዛን።

ለእማዬ እራት የሠሩላት ከአይዳ ዱቄት ነው። አይዳ ስንዴ ያልሆነ፣ ባለሦስት ማዕዘን ጥቁር ፍሬ ነው፤ ጀርመን አገርም አለ፣ እዚህ ግን የደጋው ሰው ዋና ምግብ ሆኖ ኖሯል። ዱቄቱን በፈላ ጨው ውሃ ላይ ክምር አድርገው ያፈሱታል፣ በማማሰያ እጀታ መሐሉን ይበሱታል፣ ሲበስል በሹካ ይፈረፍሩታል። ከላዩ የአሳማ ስብ ነበር የሚፈስበት፤ ዘይትና ሽንኩርት ተደረገበት። እማዬ ሳህኑን አይታ «ገንፎ ነው፤ ግን ተጣልተው ተበታትነዋል» አለች። ጨረሰችው። ስንሄድ ሁለት ኪሎ ዱቄት በከረጢት ቋጥረው ሰጧት፣ ገንዘብ አልቀበልም አሉ።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ፤ የቪርሺች መንገድ

ቅዳሜ ስለሆነ ጠዋት ቡና ተፈላ። ጀበናው ከሙኒክ አብሮን መጥቷል።

ከክራንስካ ጎራ ከተማ ወደ ሶቻ ሸለቆ የሚያሻግረው የቪርሺች መንገድ 50 ኩርባ አለው። 24ቱ ወደ ላይ፣ 26ቱ ወደ ታች። እያንዳንዱ ኩርባ ቁጥርና ከፍታ ተጽፎበታል፣ በላይኛው አቅጣጫ ያሉት ኩርባዎች ንጣፋቸው ጥርብ ድንጋይ ነው። ጫፉ 1,611 ሜትር። ቁጥሩን ለኢትዮጵያዊ ብትነግሩት ይስቅባችኋል፣ አዲስ አበባ ራሷ ከዚያ ትበልጣለች። ነገር ግን ከፍታው ሳይሆን ቅርበቱ ነው የሚያስፈራው፦ መንገዱ ጠባብ፣ ሞተር ብስክሌቶች በቀኝም በግራም፣ ብስክሌተኞች ትንፋሻቸው አልቆ መሐል መንገድ ላይ። እማዬ የደባት ልጅ ናት፤ ሊማሊሞን በጭነት መኪና ላይ ተቀምጣ ወርዳ አድጋለች። ከኩርባ ቁጥር 10 በኋላ «ይሄማ አጥር ተደርጎለት!» ብላ እንቅልፏን ተኛች።

ሊማሊሞን ያነሳሁት ለኩርባው ብቻ አይደለም። ይህንንም መንገድ ያሠራው ጦርነት ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ጦር ወደ ሶቻ ግንባር መሣሪያና ስንቅ ለማሻገር ሩሲያውያን ምርኮኞችን አሰማራ። በፈረንጅ መጋቢት 1916 የበረዶ ናዳ ወርዶ ምርኮኞችንና ጠባቂዎቻቸውን ቀበረ። የተረፉት ለሟቾቹ ከእንጨት የሠሯት ትንሽ የኦርቶዶክስ ጸሎት ቤት ከኩርባ 8 አጠገብ ዛሬም አለች። ሁለት ትንንሽ ጉልላት አላት። እማዬ እዚያ ስንቆም ነቃች፣ መስቀሉን አይታ ጫማዋን አወለቀች። አንድ የፖላንድ ቱሪስት ጫማዋን አይቶ የራሱን አወለቀ፣ ሚስቱ ግን እምቢ አለች።

ከጫፉ ላይ በጎች አስፋልቱን ይዘው ተኝተዋል። ጥሩምባ አይገባቸውም። አንድ የጣልያን ሹፌር ወርዶ ሊገፋ ሞክሮ አንዱ አውራ በግ ግንባሩን ዝቅ ሲያደርግበት ወደ መኪናው ተመለሰ።

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ መሽተት ጀመረ። አውቶማቲክ መኪና፣ ሙሉ ጭነት፣ ከፊት ካራቫን። ኩርባ 40 አካባቢ ሰፊ ቦታ አግኝቼ ቆምኩ። ጎማው አጠገብ እጅ አያስጠጋም። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፣ ከዚያ ማርሹን በእጅ አንድና ሁለት ላይ አስሬ በቀስታ ወረድን። ከኋላዬ የተሰለፉትን መስታወት ውስጥ ላለማየት ሞከርኩ።

ትሬንታ ስንደርስ ሶቻ ወንዝ ተገለጠ። ስለ ቀለሙ የሚባለው ሁሉ እውነት ነው፤ አረንጓዴ ልበል ሰማያዊ፣ በመሐላቸው ያለ፣ ግን ከታች ያለውን ጠጠር አንድ በአንድ የምትቆጥርበት። እግራችንን ነከርን፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ የቆየው ማንም የለም።

ቦቬትስ ላይ የያዝነው ክፍል ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ቆየን። ባለቤቱ «ሲስተሙ ነው» አለ። ሲስተሙ ይቅርታም አልጠየቀ፣ ሌላ ክፍልም አልፈለገልን። ቅዳሜ ማታ ነው፣ ከተማው በራፍቲንግና በካያክ ሰው ተጨናንቋል። እህቴ ስልክ ላይ ተጣብቃ 20 ኪሎ ሜትር ወርደን ኮባሪድ አገኘች፤ ሰማንያ ዓመት የሚጠጋቸው ሽማግሌ ቤት። ዋጋው 80 ዩሮ፣ ከነቁርሱ።

ነሐሴ 11፣ እሁድ፤ ኮባሪድ

ጠዋት እማዬ ቅዳሴዋን በስልክ እየተከታተለች ሳለ ሽማግሌው ቡና ይዘው ገቡ። ከየት እንደሆንን ጠየቁ። «ኢትዮጵያ» ስንል ትሪውን አስቀመጡ። «አቢሲኒያ» አሉ። ወደ ውስጥ ገብተው አንድ ፎቶ ይዘው ተመለሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮባሪድን ጣልያኖች ካፖሬቶ ይሏታል። ከመጀመሪያው ጦርነት በኋላ በ1920 የራፓሎ ውል ይህ ሸለቆ ለጣልያን ተሰጠ። ፋሺስቶች ሲመጡ የስሎቬኒያ ቋንቋ ከትምህርት ቤት ወጣ፣ የሰው ስም ሳይቀር ወደ ጣልያንኛ ተለወጠ፤ የሽማግሌውም የቤተሰብ ስም። ወጣቶቹ ለጣልያን ጦር ተመለመሉ። በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሲወር ከዚህ ሸለቆ የተወሰዱ ልጆች ነበሩበት። የሽማግሌው አጎት ከነዚያ አንዱ ናቸው። በቅሎ ነጂ ነበሩ አሉ። ፎቶው ላይ አንድ ቀጭን ወጣት በጣልያን ወታደር ልብስ አንዲት በቅሎ ይዞ ቆሟል፤ ከኋላው የአስመራ ፎቶ ቤት ማኅተም አለ።

እማዬ መነጽሯን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው። ልጁን ሳይሆን በቅሎዋን ነበር የምታየው። «ኮርቻው የእኛ ነው» አለች። እኔ ምንም አልታየኝም። በጣቷ አሳየችኝ፦ ከፊትና ከኋላ ከፍ ያለው እንጨት፣ ደረት ላይ የተንጠለጠለው ዝርዝር ጌጥ። የወታደር ኮርቻ እንዲህ አይደለም፤ ይሄ የባለቤት በቅሎ ናት፤ «የማን ነበረች በላቸው።» እህቴ ላስተርጉም ወይስ ይቅር ብላ አየችኝ። አስተረጎመች። ሽማግሌው ፎቶውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ወስደው እንደ አዲስ አዩት። «አልነገረንም» አሉ። ከዚያ ቆየት ብለው፣ አጎታቸው ከተመለሱ በኋላ ስለዚያ አገር ሲጠየቁ ስለ ቅዝቃዜው ብቻ ያወሩ እንደነበር ነገሩን።

ከተማዋ መሐል ያለው ሙዚየም የሶቻን ግንባር ታሪክ የያዘ ነው፤ በ1993 የአውሮፓ ምክር ቤትን የሙዚየም ሽልማት አግኝቷል። ትንሽ ነው፣ ግን እዚህ ጉዞ ላይ ካየሁት ሁሉ እሱን አስቀድማለሁ። ጣልያንና ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ከ1915 ጀምሮ በዚህ ወንዝ ላይ 11 ጊዜ ተዋጉ። 12ኛው ጥቅምት 24 ቀን 1917 በፈረንጅ ተጀመረ፤ ጀርመኖች ቦቬትስ ላይ መርዝ ጋዝ ለቀቁ፣ በምሽጋቸው ያሉ ጣልያኖች በመቶዎች እዚያው አለቁ፣ ግንባሩም ተሰበረ። ከተሰበረበት ዘርፍ አንዱን ይመራ የነበረው የ27ኛው ኮር አዛዥ ፒዬትሮ ባዶሊዮ ነው። ሽንፈቱ ሥልጣኑን አልነካውም፤ ወዲያው ምክትል ኤታማዦር ሹም ሆነ። ከ18 ዓመት በኋላ የእኛን አገር ጦርነት እንዲመራ ተላከ። ጋዝ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ከጽሑፍ የሚማር ሰው አልነበረም። ያንኑ በተምቤንና በማይጨው ላይ ከአውሮፕላን አዘነበ፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ገባ፣ «የአዲስ አበባ መስፍን» ተብሎም ተሾመ።

ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የጣልያን ወታደሮች ዐፅም ያረፈበት ባለሦስት ደርብ ሐውልት አለ፤ 7,014 ሰው። ሙሶሊኒ ራሱ መጥቶ በ1938 መርቆታል። ስሞቹ ግድግዳው ላይ ተቀርጸዋል። እማዬ እስከ ላይ አልወጣችም። ከበሩ አጠገብ ጥላ ሥር ተቀምጣ ከሽማግሌው ጋር፣ ያለ አስተርጓሚ፣ ቆሎ ትቆረጥም ነበር።

ከዚያ ወንዙን ተከትለን ኖቫ ጎሪትሳ ወረድን። ከተማዋ ከጎረቤቷ ከጣልያኗ ጎሪዚያ ጋር የ2025 የአውሮፓ የባሕል ዋና ከተማ ስለነበረች ባንዲራና መድረክ በዝቶ ነበር። በባቡር ጣቢያው ፊት ያለውን አደባባይ ድንበሩ መሐል ለመሐል ይቆርጠዋል፤ አጥሩ በ2004 ተነስቶ አሁን መሬት ላይ ክብ ምልክት ብቻ ቀርቷል። እህቴ አንድ እግሯን እዚህ አንድ እግሯን እዚያ አድርጋ ፎቶ ተነሳች። ምሳ ዮታ በላን፤ ባቄላ፣ ድንችና የኮመጠጠ ጎመን ሾርባ። ያለ ሥጋ የሚሠራበት ቤት ለማግኘት ሦስት ቦታ ጠየቅን፤ ሁለቱ ቦታ «ሥጋ የለውም፣ ቋሊማ ብቻ ነው ያለው» ነበር መልሱ።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ፤ ከዋሻ ወደ ባሕር

ከፖስቶይናና ከሽኮችያን ዋሻ አንዱን መምረጥ ነበረብን። ሽኮችያን የዩኔስኮ ቅርስ ነው፣ ይበልጥ ያምራልም ይላሉ፤ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ደረጃ አለው። ፖስቶይና ውስጥ ባቡር አለ፣ ከ1872 ጀምሮ። እማዬ ስላለች ባቡሩ ተመረጠ። ቲኬቱ ለሰው ወደ 30 ዩሮ ነው፣ ያስቆጫል። ውስጡ ክረምት ከበጋ 10 ዲግሪ ነው። ውጭ 33 ሆኖ ቱሪስቱ ሁሉ በቁምጣ ሲንቀጠቀጥ እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ በባቡሩ የፊት ወንበር ተቀመጠች። ባቡሩ ጣሪያው ጭንቅላት ሊነካ እየተቃረበ ይበራል። ከወረዱ በኋላ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በእግር ነው፦ እንደ መጋረጃ የተንጠለጠለ፣ እንደ ዓምድ የቆመ፣ ነጭ፣ ቀይ።

ከመውጫው አጠገብ በጨለማ ገንዳ ውስጥ ፕሮቴዎስ አለ፤ ዓይነ ስውር፣ አንድ ስንዝር ያህል የሚረዝም፣ ቆዳው የሰው ቆዳ የመሰለ የዋሻ እንስሳ። እስከ 100 ዓመት ይኖራል ይባላል። አስጎብኚዋ ምግብ ሳይበላ ዓመታት መቆየት ይችላል ስትል እህቴ ለእማዬ አስተረጎመችላት። ሰዓቷን አየች፤ ገና ስድስት ተኩል። «ይሄ ነው ጾመኛ» አለችና ከሌላው ሰው ሁሉ በኋላ ቀርታ ገንዳው አጠገብ ቆየች።

ከዚያ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ባሕር። በመጀመሪያ ከክሮኤሺያ ድንበር አጠገብ ወዳለው የሴቾቭሌ ጨው ማሳ ሄድን። ከ700 ዓመት በላይ የባሕር ውሃ በየመደቡ እያስገቡ በፀሐይ እያተነኑ ጨው ያመርቱበታል፤ ዛሬም በእንጨት መሳቢያ፣ በእጅ። ጨዉ ከጭቃው ጋር እንዳይቀላቀል መሬቱ ላይ ፔቶላ የሚሉት ሕያው ምንጣፍ አለ፣ ከረቂቅ ተሕዋስያንና ከማዕድን የተሠራ፣ በየዓመቱ የሚንከባከቡት። ባርኔጣ ያደረጉ ሠራተኞች ቁርጭምጭሚት ድረስ ገብተው ጨዉን ወደ ክምር ሲስቡ አየን። እማዬ የአሞሌ ዘመን ሰው ናት፤ ልጅ ሳለች ከሱቅ በመጥረቢያ ጫፍ ተፈንክቶ ይሸጥላቸው ነበር። ሱቁ ውስጥ ሩብ ኪሎ የማይሞላ የጨርቅ ከረጢት 8 ዩሮ ሲሏት ለረጅም ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ሁለት ገዛች፤ «ለጎረቤቶቼ አሳያለሁ፣ በጨው እንዴት እንደሚዘረፍ።»

ፒራን መኪና አታስገባም። ከከተማው ውጭ ባለው ጋራዥ አቁማችሁ በነፃ አውቶብስ ትገባላችሁ፤ ጋራዡ ግን ነፃ አይደለም። ታርቲኒ አደባባይ ቀድሞ የጀልባ ወደብ ነበር፣ በ1894 ተደፍኖ ነው አደባባይ የሆነው። መሐሉ ላይ በ1692 እዚህ የተወለደው የቫዮሊን ሊቅ የታርቲኒ ሐውልት ቆሟል። ከተማዋ ቬኒስን ትመስላለች፤ ለዘመናት የቬኒስ ነበረችና። እህቴ «አየህ፣ ቬኒስ መጣን» አለችኝ።

እራት ላይ ክርክር ተነሳ። እህቴ ዓሣ በፍልሰታ ይበላል ባይ ናት። እማዬ አባቶች አልፈቀዱም ባይ። ይህ ክርክር ኢትዮጵያ ውስጥም መቋጫ ስላልተገኘለት ፒራን ላይ አይቋጭም። እህቴ የተጠበሰ ሰርዲን በ13 ዩሮ፣ እማዬ የተጠበሰ አትክልትና ፖለንታ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ በ14። ያለ ዓሣው ከዓሣው በአንድ ዩሮ መብለጡን ሒሳብ ሲመጣ ያየችው እማዬ ናት።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ፤ ልዩብሊያና እና መመለስ

ዋና ከተማዋ ላይ ጥቂት ሰዓት ብቻ ቆየን፣ ሙቀቱም አላስቀመጠን። መሐል ከተማው ለመኪና ዝግ ነው፤ ወንዙ ዳር ሁሉ ካፌ። አርክቴክቱ ዮዤ ፕሌችኒክ በአሮጌው ድልድይ ግራና ቀኝ ሁለት ጨምሮ ሦስት ያደረገው ድልድይ፣ ከዚያ በ1901 የተሠራው ባለ ዘንዶው ድልድይ። እማዬ አረንጓዴዎቹን ዘንዶዎች አይታ ቅዱስ ጊዮርጊስ የት አለ ብላ ፈለገችው፤ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያለው ጸሎት ቤት በስሙ ነው፣ ግን ኮረብታ ለመውጣት ማንም አቅም አልነበረውም። ገበያው ላይ ፕለም ገዛን፣ ኪሎው 3 ዩሮ።

ካራቫንከን በመመለሻ አላስቸገረንም። ያስቸገረን የጀርመን ድንበር ነው። ሳልዝበርግን አልፈን ሰልፍ፣ የእጅ ባትሪ፣ «ከየት ነው የምትመጡት?» ወጣቱ ፖሊስ የእማዬን ፓስፖርት አይቶ መለሰ፣ ኋላውን ክፈት አለኝ። ከእንጀራው ባዶ ዕቃ ሥር ምልክት የሌለው ከረጢት ወጣ፤ ሁለት ኪሎ ግራጫ ዱቄት። ከጎኑ ነጭ ነገር የያዙ ሁለት ትንንሽ የጨርቅ ቋጠሮዎች። ፖሊሱ እኔን አየኝ፣ ባልደረባውን ጠራ። እህቴ በጀርመንኛ ስትቀባጥር እማዬ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ፣ በአማርኛ፣ «ጨው ነው ልጄ፣ ቅመስ» አለችው። ባልደረባው፣ ዕድሜው ገፋ ያለው፣ አንዱን ፈትቶ በእርግጥም ቀመሰ። ስንት እንደገዛነው ጠየቀ፤ ስንነግረው ራሱን ነቀነቀና አሳለፈን።

ቤት የገባነው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። ዱቄቱን እማዬ በማግስቱ ገንፎ ልታደርገው ሞከረች። ብቻውን አልያያዝ አላት። ከገብስ ዱቄት ጋር እኩል በእኩል ስትደባልቀው ግን ያዘ፤ በተልባ በላነው።